አምስት ቀን ለፒተርስበርግ፦ ፈርሶ የተሠራ ቤተ መንግሥት ማየት ዋጋ አለው?

ይህን የኢንተርኔት ውይይት፣ በልማድ ክር የሚባለውን፣ የከፈተው ሰው የአዲስ አበባ ነዋሪ ሲሆን፣ በመጪው ክረምት ለሥራ ሞስኮ እንደሚሄድና ሥራው ሲያልቅ የሚተርፉትን አምስት ቀናት ለሴንት ፒተርስበርግ ሊሰጥ እንዳሰበ ገልጾ ነው የጀመረው። ሲያዩት የጉዞ ምክር የሚጠይቅ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሙግት ነበረበት። ጊዜውን በሙሉ ለማለት ይቻላል በኤርሚታዥ ሙዚየም እንደሚያሳልፍ፣ ከከተማው ወጣ ብለው የሚገኙትን የጻርስኮዬ ሴሎንና የፒተርሆፍን ቤተ መንግሥቶች ግን እንደማይረግጣቸው አስታወቀ። ምክንያቱንም አልሸሸገም፦ እነዚያ ሕንፃዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነደው ግድግዳቸው ብቻ ስለቀረና ዛሬ የሚያብረቀርቀው ወርቅ ሁሉ ከዚያ ወዲህ የተለበጠ ስለሆነ፣ ለቅጂ ትኬት መቁረጥን ገንዘብ ወንዝ ውስጥ ከመጣል ለይቶ እንደማያየው ጻፈ። ኤርሚታዥ ግን ዋናው፣ እጅ ያልነካው ነው ባይ ነው። የሚቃወም ካለ ያስረዳኝ የሚል ግብዣም አከለበት።

የተቃወሙት ብዙ ናቸው። ምላሾቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል እተርካለሁ፤ ከተማዋን እኔም ስላየኋት አልፎ አልፎ የራሴን ጣል ሳላደርግ አላልፍም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1 የጻፈችው ሴት በጨዋ ቃል መልካም ጉዞ ከተመኘች በኋላ በከፊል እንደምትስማማ ገለጸች። ጻርስኮዬ ሴሎ ሄዳ የካትሪንን ቤተ መንግሥት አይታለች። ከደጅ ረጅም ሰልፍ ጠብቃ፣ በር ላይ ጫማዋን የምትሸፍንበት ላስቲክ ተሰጥቷት፣ ከቡድን ጋር እየተገፋች ካንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው ካለፈች በኋላ፣ ያን ሁሉ መንገድ የሄደችለትን፣ ግድግዳው አምበር ከሚባለው ድንጋይ ሆኖ ከደረቀ የጥንት ዛፍ ሙጫ የተሠራውን የአምበር ክፍል ያየችው ለሦስትና ለአራት ደቂቃ ብቻ ነበር። አዳራሹን የምትጠብቀው ሴትዮ ጎብኚውን በእጇ ወደ ቀጣዩ በር ትነዳው ስለነበር፣ በዓይኗ የቀረው የማር መልክ ያለው ብርሃንና ከፊቷ የቆመው ሰው ማጅራት እንደሆነ ጻፈች። በእሷ አስተያየት ቦታው ቢተውም አይቆጭም፤ ይህን የምትለው ግን ቅጂ ስለሆነ ሳይሆን ሰው ስለሚበዛበት ነው።

ምላሽ 2 ከጠያቂው ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማማ። ኤርሚታዥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ቅርስ እንዳለውና እያንዳንዱን ለአንድ ደቂቃ ብቻ ለማየት እንኳ የሰው ዕድሜ እንደማይበቃ አስታውሶ፣ አምስት ቀን ቀርቶ አምስት ወርም ያንሳል አለ። ይህን ስሌት አስጎብኚዎች ሁሉ ይደጋግሙታል። ወረቀት አውጥቼ ብሠራው፣ በቀን 8 ሰዓት ለሚያይ ሰው 17 ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ ብዙ ቢሆንም ዕድሜ የሚጨርስ አይደለም። ደግሞም ከሦስት ሚሊዮኑ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ሳንቲምና ሜዳሊያ ነው፤ አብዛኛውም ቅርስ በመጋዘን ያለ ስለሆነ ጎብኚ አያገኘውም። ስሌቱ ለማስደነቅ እንጂ ዕቅድ ለማውጣት አይረዳም።

ምላሽ 3 ሳይታሰብ ያሳቀን ነው። አውሮፓ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖሩ የሚመስሉት መላሽ፣ በክረምት የሚሄድ ሰው ወፍራም ካፖርትና ጸጉር ያለው ቆብ እንዲይዝ፣ የኔቫ ወንዝ በረዶ ሆኖ እንደሚጠብቀው፣ የፒተርሆፍ ፏፏቴዎችም በዚያን ወቅት ስለሚዘጉ ክርክሩ ከነጭራሹ አላስፈላጊ እንደሆነ በዝርዝር መከሩ። ምላሽ 4 በአክብሮት አረማቸው፦ ለአዲስ አበባ ሰው ክረምት ማለት ሰኔና ሐምሌ ነው፤ በዚያች ከተማ ደግሞ ሰኔ ፀሐይ ለመጥለቅ የምታመነታበት፣ ሰማዩ እስከ እኩለ ሌሊት የማይጨልምበት የነጭ ሌሊቶች ወቅት ነው። ፏፏቴዎቹም ከሚያዝያ መጨረሻ ወይም ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይሠራሉ። ጠያቂው የሚሄደው በሰኔ እንደሆነ አረጋገጠ። ካፖርቱ ቀረ።

ክርክሩን ከመሠረቱ ያናወጠው ግን ምላሽ 5 ነው። ጸሐፊው በ1980ዎቹ፣ ከተማዋ ሌኒንግራድ ትባል በነበረ ጊዜ፣ የቋንቋ መሰናዶውን ጨምሮ ስድስት ዓመት የተማሩ አዛውንት ናቸው፤ ከዚህ ምላሽ ወዲህ ሁሉም ጋሼ ይላቸው ጀመር። ጠያቂውን ልጄ ብለው ጠርተው፣ ያልተነካ ያለው ቤተ መንግሥት ራሱ ተቃጥሎ እንደተሠራ ነገሩት። የክረምት ቤተ መንግሥት የሚባለውን የኤርሚታዥ ዋና ሕንፃ አርክቴክቱ ራስትሬሊ ከ1754 እስከ 1762 ሠራው። በታኅሣሥ 1837 እሳት ተነሣበትና ሦስት ቀን ያህል ነደደ፤ ወታደሮች ሥዕሉንና የቤት ዕቃውን እየተሸከሙ አውጥተው አደባባዩ ላይ ከአሌክሳንደር ሐውልት ሥር ከመሩት፤ ውስጡ ግን ወደመ። ስታሶቭና ብሩሎቭ የተባሉት አርክቴክቶች ከአንድ ዓመት በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ መልሰው አቆሙት። ዛሬ ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚነሣበት አረንጓዴው የማላካይት አዳራሽ ከእሳቱ በፊት አልነበረም። ዋናው ደረጃ ራስትሬሊ እንዳሰበው ተመለሰ ቢባልም፣ ሐምራዊ የነበሩት ሰው ሠራሽ የእብነ በረድ ዓምዶች በግራጫ ግራናይት ተተክተዋል።

ደረጃውን ሲጠቅሱ ጋሼ ትንሽ ቆም አሉበት። ስሙ የዮርዳኖስ ደረጃ ነው፤ በጥምቀት ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ካህናቱን ተከትሎ በዚያ ወርዶ፣ የኔቫ በረዶ ተቆርጦ ውኃው ወደሚባረክበት ስፍራ ይሄድ ስለነበር ነው። በዓሉ በእነርሱ አሮጌ አቆጣጠር ጥር 6 ይውላል፤ ይህም የእኛው ጥር 11 ነው። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ደረጃ የወጡት በተማሪነታቸው፣ የከተራ ዕለት ነበር። አስጎብኚዋ የስሙን ምክንያት ስታስረዳ፣ በቀይ ምንጣፉ ላይ ቆመው ጃንሜዳ እንደታወሳቸውና ዓይናቸውን ለመደበቅ ጣሪያውን የሚመለከቱ መስለው እንደቆዩ ጻፉ።

ምላሽ 6 የጠያቂው ነው፤ በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። የእሳቱን ታሪክ እንዳላወቀ አምኖ፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም ሲል ተከራከረ። የክረምት ቤተ መንግሥት የተሠራው ሕንፃውን ባቃጠለው ዘመን ሰዎች፣ በዚያው መንግሥት፣ ይኖሩበት ለነበሩት ነገሥታት ነው፤ የሚኖርበትን ቤት መጠገን ነውና። ጻርስኮዬ ሴሎን የሠሩት ግን ነገሥታቱ ከጠፉ ከአርባ ዓመት በኋላ ለጎብኚ ብለው ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ከክሩ ጠንካራ መከራከሪያዎች አንዱ ነው፤ ከመላሾቹም ፊት ለፊት የመለሰለት አላገኘሁም።

በምላሽ 7 የገባው ሥነ ሕንፃ የተማረ ሰው እንደሆነ አጻጻፉ ይመሰክራል። የፍልስፍናውን ጥያቄ ትቶ የእጅ ሥራውን አስረዳ። የጀርመን ጦር ጻርስኮዬ ሴሎን ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 ይዞ ቆየ። የአምበር ክፍሉ ግድግዳ የፕሩሺያ ንጉሥ በ1716 ለታላቁ ጴጥሮስ የሰጠው ስጦታ ነበር። በ1941 የሙዚየሙ ሠራተኞች ሊነቅሉት ሲሞክሩ እየተሰነጣጠቀ ስላስቸገራቸው የግድግዳ ወረቀት ለጥፈው ሊደብቁት ሞከሩ፤ ጀርመኖቹ ግን አገኙት፤ ነቅለውም ያን ጊዜ የጀርመን ከተማ ወደነበረችው ኮኒግስበርግ ወሰዱት፤ በ1945 ከዚያ ጠፋ። መልሶ የመሥራቱ ሥራ በ1979 ተጀምሮ የተመረቀው በ2003፣ የከተማዋ 300ኛ ዓመት ሲከበር ነው። ከ5 ቶን በላይ አምበር ፈጅቷል። ባለሙያዎቹ በአብዛኛው የሚመሩት በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ስለነበር፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ ቀለም ከፎቶው ግራጫነት እየገመቱ፣ አምበሩን እያሞቁና እያቀለሙ ነው ያመሳሰሉት። ከጥንቱ ክፍል አንድ የድንጋይ ሞዛይክና አንድ ባለ መሳቢያ ቁም ሣጥን ጀርመን ውስጥ ተገኝተው በ2000 ተመልሰዋል። ሃያ አራት ዓመት የፈጀን ጥበብ ቅጂ ብሎ ማለፍ የባለሙያን ላብ መናቅ እንደሆነ በትንሹ ቆጣ ባለ ቃል ደመደመ።

ምላሽ 8 እና 9 የኪስ ጉዳይ ናቸው። አንዷ የባንክ ካርድ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀች፤ ሌላው ከሩሲያ ውጭ የወጡ ቪዛና ማስተርካርድ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ እዚያ እንደማይሠሩ፣ ስለዚህ ጥሬ ዶላር ወይም ዩሮ ይዞ ባንክ ውስጥ መመንዘር እንደሚሻል፣ ከሞስኮ ፈጣኑ ባቡር በአራት ሰዓት ገደማ እንደሚያደርስ፣ ኤርሚታዥ ሰኞ፣ የካትሪን ቤተ መንግሥት ደግሞ ማክሰኞ ዝግ እንደሆኑ መለሰ። ይህችን የማክሰኞ ነገር አንባቢ ያዝ ያድርጋት።

ምላሽ 10 የአንድ የውኃ መሐንዲስ ነው፤ በዚህ ክር ውስጥ እኔን ይበልጥ ያሳመነኝም እሱ ነው። ፒተርሆፍ የሄደው ለቤተ መንግሥቱ ሳይሆን ለቧንቧው እንደነበር በግልጽ ተናገረ። በታችኛው የአትክልት ስፍራ ያሉት ፏፏቴዎች ፓምፕ የላቸውም። ውኃው የሚመጣው በሮፕሻ በኩል ካለው ከፍታ፣ በ1721 በተቆፈረ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቦይ ነው፤ ኩሬዎቹ ከላይ፣ ፏፏቴዎቹ ከታች ስለሆኑ የከፍታው ልዩነት ብቻ፣ ሶምሶን የአንበሳ መንጋጋ ሲከፍት የሚያሳይ ምስል ያለበትን የሳምሶንን ፏፏቴ 20 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወነጭፈዋል። መሐንዲሱ ጠዋት ፏፏቴዎቹ ሲከፈቱ ቆሞ አይቷል፦ መጀመሪያ ከቧንቧው አፍ አየር እንደ ትንፋሽ ፉት ሲል ተሰማው፤ ቀጥሎ ውኃው በአንበሳው መንጋጋ መካከል ተንተከተከ፤ ከዚያም ሕዝቡ ስልኩን ከፍ ባደረገበት ቅጽበት ወደ ላይ ተተኮሰ። ግድግዳው ነደደ ወርቁም ተለበጠ እንበል፤ ውኃው ግን ዛሬም በታላቁ ጴጥሮስ ቦይ ይወርዳልና ምኑ ነው ቅጂ ሲል ጠያቂውን ሞገተ።

ይኸው ሰው ስለ ማታለያ ፏፏቴዎቹም ሳያወጋ አላለፈም። የድንጋይ ንጣፍ ያለበት አንድ ስፍራ አለ፤ ሲራመዱበት ድንገት ውኃ ይረጫል። ልጆች የትኛው ድንጋይ ሲረገጥ እንደሚረጭ ለማወቅ እየዘለሉ ሲፈትሹ፣ አንዱ ይሄ ነው ሲል ሌላው ያ ነው ሲለው፣ መሐንዲሱም በሙያው እልህ ተይዞ ጫማውን አውልቆ ግማሽ ሰዓት ያህል አብሯቸው ሲዘል ቆየ። በመጨረሻ ቀና ቢል፣ ዛፍ ሥር ባለች ትንሽ ጎጆ ውስጥ የተቀመጠ ሰው መክፈቻውን በእግሩ እየረገጠ ይስቅባቸዋል።

ምላሽ 11 ሳቁን አልተጋራም። የሳምሶን ምስል ጀርመኖች ነቅለው እንደወሰዱት፣ አሁን የቆመውም በ1947 የተሠራ እንደሆነ በሁለት መስመር ደረቅ አድርጎ አስታወሰ። መሐንዲሱ በምላሽ 12 የመለሰው ከዚያም አጠረ፦ ጀርመኖቹ የወሰዱት በ1802 በነሐስ የተሠራ ነበር፤ እሱም በ1735 የቆመውን የእርሳስ ምስል የተካ ነው። ታዲያ ቅጂ የሚባለው ከየትኛው ጀምሮ እንደሆነ ይነገረው ዘንድ ጠየቀ። ምላሽ 11ን የጻፈው ሰው ከዚህ በኋላ አልታየም።

በዚህ መካከል ወሬው ወደ ፑሽኪን ዞረ፤ መዞሩም የሚጠበቅ ነበር። ጻርስኮዬ ሴሎ ዛሬ በሱ ስም የምትጠራ ከተማ ናት፤ ገጣሚው ከ1811 እስከ 1817 የተማረው ከቤተ መንግሥቱ ጋር በተያያዘው ሊሴ ነው። በአዲስ አበባም በስሙ የተሰየመ አደባባይ አለን። ምላሽ 13 ኢትዮጵያዊ ሆኖ ፒተርስበርግ ደርሶ ሞይካ 12 ቁጥር ያልገባ ሰው አገሩን እንደረሳ ይቆጠራል ሲል ጀመረ። ፑሽኪን በ1837 በሽጉጥ ግጥሚያ ቆስሎ የሞተበት ቤት ይህ ነው። በሥራ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ለ1832 አዲስ ዓመት ወዳጁ የሰጠው የቀለም ዕቃ አለ፤ መልሕቅ ተደግፎ የቆመ ጥቁር ወጣት ምስል ያለበት ሲሆን፣ ወዳጁ የላከለት የገጣሚውን አፍሪካዊ ቅድመ አያት አብራም ጋኒባልን ለማስታወስ ነበር። ሰዓቱ ነፍሱ በወጣችበት በ8 ሰዓት ከ45 ላይ ቆሟል። መላሹ ያንን ጥቁር ምስል ባየ ጊዜ የገዛ ወንድሙን ያገኘ ያህል እንደተሰማው፣ ቤቱም ፑሽኪን ትቶት እንደሄደ እንዳለ እንደሆነ ጻፈ። (በዚያው ዓመት፣ እሱ በሞተ በአሥራ አንደኛው ወር፣ ከቤቱ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ የክረምት ቤተ መንግሥት ተቃጠለ። ይህን ያነሣ ሰው አለመኖሩ ገርሞኛል።)

ቁጣው የመጣው በምላሽ 14 ነው። ጋኒባል ከሐበሻ ምድር ነው የሚለውን አኑቺን የተባለ ሩሲያዊ ሊቅ በ1899 ያስፋፋው ግምት እንደሆነ፣ ቤኒናዊው ተመራማሪ ኛማንኩ ግን በ1990ዎቹ የትውልድ ቦታው በዛሬዋ ካሜሩን የምትገኘው ሎጎን እንደሆነች እንደተከራከረ ገልጾ፣ የሰው ቅድመ አያት እየቀሙ መኩራት ይብቃን አለ። ምላሽ 15 በጣም የመረረ ነው፤ መላሹን አገር ጠል ከማለት አልፎ ወደ ቤተሰቡ ስለተሻገረ አልተርከውም። ጋሼ በምላሽ 16 ገብተው ሁለቱንም ገሠጹ። ጋኒባል ራሱ በ1742 ባቀረበው ማመልከቻ ሎጎን በምትባል ከተማ እንደተወለደ ከመጻፉ በቀር የአገሩን ስም እንዳልተናገረ፣ ሊቃውንቱ እየተከራከሩ ያሉትም በዚያች አንዲት ስም ላይ እንደሆነ አስረዱ። ያልተቋጨ የሊቃውንት ክርክር ይዞ መሰዳደብ እንደማያስፈልግ፣ የቀለም ዕቃው ግን የማንም ዘመድ ቢሆን መታየት እንደሚገባው ጨመሩ።

ምላሽ 17 ነገሩን ወደ ዋናው ጥያቄ መለሰው። በዚያው ሙዚየም ብዙ ጊዜ ያሳለፈች የሚመስል የቋንቋ ተማሪ፣ ምላሽ 13 ቤቱ እንዳለ ነው ያለውን አረመች። ገጣሚው ከሞተ በኋላ ቤተሰቡ ለቅቆ ወጣ፤ ክፍሎቹም ለሌሎች ተከራይተው ተለዋወጡ፤ ሙዚየም የሆነው በ1925 ነው። ዛሬ የሚታየው የክፍሎች አቀማመጥ ወዳጁ ዡኮቭስኪ በነደፈው ፕላን ላይ ተመሥርቶ በ1980ዎቹ የታደሰ ነው። ጠረጴዛውና የቀለም ዕቃው የራሱ ናቸው፤ ግድግዳውን የሞሉት በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ግን የእሱ ሳይሆኑ በዚያው ዘመን የታተሙ አምሳያዎቻቸው ናቸው፤ የራሱ ቅጂዎች በሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ተቋም በፑሽኪን ቤት ይጠበቃሉ። ስለዚህ ጠያቂው በመርሑ ከጸና ሞይካንም መተው ይኖርበታል ስትል በፈገግታ ወጋችው። መውጋቷን ወደድኩት።

ምላሽ 18 ከኔቫ ማዶ ወዳለው ኩንስትካሜራ ጠቆመ። ታላቁ ጴጥሮስ በ1714 የመሠረተው ይህ ሙዚየም በብልቃጥ የተቀመጡ አካለ ጎደሎ ሕፃናትን ስለሚያሳይ ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው እንዲጠነቀቅ መክሮ፣ ለእኛ ግን ሌላ ቁም ነገር እንዳለው ገለጸ። ገጣሚው ጉሚልዮቭ በ1913 በሙዚየሙ ተልኮ ወደ ሐረር መጥቶ፣ ያን ጊዜ የሐረርጌ ገዥ ከነበሩት ከደጃዝማች ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ፣ ቅርሳ ቅርስና ፎቶግራፍ ሰብስቦ ተመልሷል፤ ስብስቡም እዚያው ነው። የግእዝ የብራና መጻሕፍትም በከተማይቱ እንዳሉ፣ ቱራዬቭ የተባለው ምሁር በ1906 ዝርዝራቸውን እንዳሳተመ አክሏል።

ምላሽ 19 ከመንገድ ወጣ፤ ቢሆንም ጠቃሚ ነው። የድሮ ተማሪ ነው፤ ማደሪያው ቫሲሊየቭስኪ ደሴት ላይ ነበር። በነጭ ሌሊት ተታልሎ ገና ምሽት መስሎት ከከተማው መሐል ሲዞር፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ድልድዩ ጋ ቢደርስ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ፣ የመብራት ምሰሶዎቹ እንደተተከሉ ወደ ሰማይ ሲነሡ አገኘው። መርከቦቹ አልፈው ድልድዩ እስኪወርድ ከአንድ የአገሩ ልጅ ጋር በወንዙ ዳር ግራናይት ላይ ተቀምጠው አነጉ። ስለዚህ የሆቴሉ አድራሻ በየትኛው የወንዙ ዳርቻ እንደሆነ አስቀድሞ መመልከት እንደሚገባ መከረ።

ምላሽ 20 ክሩን ጸጥ ያሰኘው ነው። የጻፈችው ሴት አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ የዚያች ከተማ ተወላጅ ናት። አያቷ ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 የቆየውን የ872 ቀናት የጀርመን ጦር ከበባ በሕይወት ካለፉት አንዷ ናቸው። ጦርነቱ እንደጀመረ የኤርሚታዥ ሠራተኞች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅርስ በሁለት ባቡር ጭነው በኡራል ወዳለችው ወደ ስቨርድሎቭስክ ከተማ ላኩ፤ ሦስተኛው ሳይነሣ ከተማዋ ተከበበች። ሥዕሎቹ ሲወጡ ክፈፎቻቸው በየግድግዳው ተሰቅለው ቀሩ። ሠራተኞቹ ከምድር ቤቱ ውስጥ እየኖሩ መስታወቱ በረገፈበት ሕንፃ በረዶ ይጠርጉ ነበር፤ ከመካከላቸውም አንዱ ለእርዳታ የመጡትን ወታደሮች በባዶዎቹ ክፈፎች ፊት እያቆመ፣ በዚህኛው ውስጥ እንዲህ ያለ ሥዕል ነበር፣ ብርሃኑ ከዚህ ይመጣል እያለ በቃሉ አስጎበኛቸው። የአያቷ የቀን ራሽን በዚያ የመጀመሪያ የበረዶ ወራት 125 ግራም ዳቦ ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ ከገበታ ላይ ፍርፋሪ በጣታቸው ለቅመው ይበሉ እንደነበር ታስታውሳለች። ከዚያም ለጠያቂው በቀጥታ ተናገረች፦ ቤተ መንግሥቶቹን የሚያድሱ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1943፣ ከበባው ሳይነሣ ነው። ለጎብኚ ብለው ሠሩት ያለውን ቃል ይህን እያሰበ ደግሞ እንዲያነበው ጠየቀችው።

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት በቻሉ ነበር። ምላሽ 21 ግን የነገሥታት ወርቅ ሁሉ የገባር ላብ ስለሆነ ለመውደሙም ለመታደሱም እንባ አያስፈልገውም የሚል ሻካራ ቃል ወረወረ። ምላሽ 22 በዚያው ሻካራነት፣ ነገሥታቱን ያስወገደው መንግሥት ራሱ ካደሳቸው እሱ ማን ሆኖ እንደሚጠየፋቸው ጠየቀው። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት ነበራቸው፤ አነጋገራቸው አበላሸባቸው እንጂ። ጋሼ በምላሽ 23 ሁለቱን አልፈው ሌላ ነገር አነሡ። በሰኔ 1985፣ እሳቸው ተማሪ ሳሉ፣ አንድ ጎብኚ በኤርሚታዥ የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የሬምብራንትን ዳናኤ የተባለ ሥዕል በጩቤ ወግቶ አሲድ ደፋበት፤ ቀለሙ ፈሰሰ። ባለሙያዎች አሥራ ሁለት ዓመት ሠርተውበት በ1997 ለሕዝብ ታየ፤ አሁን በመስታወት ተከልሏል። ሬምብራንት የነካው የቱ እንደሆነ፣ የጠጋኞቹ የቱ እንደሆነ በዓይን ለመለየት ፊቱ ቆመው እንደሞከሩና እንዳልቻሉ ጻፉ።

ጠያቂው በምላሽ 24 ዕቅዱን ቀየረ፤ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ቅዳሜና እሑድ ኤርሚታዥ፣ ሰኞ ኤርሚታዥ ዝግ ስለሆነ ጻርስኮዬ ሴሎ፣ ማክሰኞ የካትሪን ቤተ መንግሥት ስለሚዘጋ ሞይካ፣ ረቡዕ ፒተርሆፍ እንደሚውል ዘረዘረ እንጂ።

ክሩ አንድ ወር ያህል ከተኛ በኋላ በምላሽ 25 ተመልሶ ያየውን ነገረን። ወደ ጻርስኮዬ ሴሎ በባቡር ሄዷል። የካትሪን ቤተ መንግሥት ወርቅ አሁንም አላሳመነውም፤ ትናንት ተቀብቶ ያልደረቀ መስሎታል። ሰው ሁሉ ወደ አምበር ክፍሉ ሲጣደፍ እሱ የቆመው ከጦርነቱ በኋላ በተነሡት ፎቶግራፎች ፊት ነው። በአንዱ ላይ ጣሪያ የሌለው አዳራሽ፣ ባዶ የመስኮት ቀዳዳዎችና መሬት ላይ የተከመረ ፍርስራሽ ይታያል። ቀና ብሎ ያለበትን አዳራሽ መስኮቶች ቆጠረ፤ በፎቶው ላይ ያሉትም ያንኑ ያህል ነበሩ። እንደገና ቆጠረ። ቡድኑ ጥሎት ስለሄደ አንዲት የአዳራሽ ጠባቂ መጥታ ወደ በሩ አመለከተችው። ፒተርሆፍን በተመለከተ መሐንዲሱ ትክክል እንደነበር ያለ ክርክር አመነ፤ ጎጆዋ ውስጥ የሚቀመጠውንም ሰው ፈልጎ አግኝቶታል። የዮርዳኖስን ደረጃ ሁለት ጊዜ ወጣ፤ አንዱን ለራሱ፣ ሌላውን ለጋሼ። ሞይካን ግን አላየም። ማክሰኞ ጠዋት ቢደርስ በሩ ዝግ ነበር፤ ያም ሙዚየም የሚያርፈው ማክሰኞ ነው።

የመጨረሻው ምላሽ የጋሼ ነው። ስድስት ዓመት በዚያች ከተማ ኖረው፣ ስለ ቀለም ዕቃው ተሰዳድበው የነበሩትን ሲያስታርቁ፣ ልጁ ማክሰኞ ሞይካ እሄዳለሁ ብሎ ሲጽፍም እያነበቡ፣ ማክሰኞ ዝግ መሆኑን ሳይነግሩት መቅረታቸው እንዳሳፈራቸው ጽፈው ይቅርታ ጠየቁት።